የቻታኑጋን መሀል ከተማ ያስነሣው ምንድን ነው? አንድ ጥያቄና 19 ምላሾች

በሐበሾች የኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ስላለችው ስለ ቻታኑጋ የሚጠይቀውን ይህን የውይይት ክር የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ከመላሾቹም ይበልጥ የታረምሁት እኔው ስለሆንሁ፣ የተባለውን በቅደም ተከተል መተረኩ የእኔ ዕዳ ይመስለኛል። ጥያቄውን ያስነሣብኝ ከአትላንታ ሊጠይቀኝ የመጣ ጓደኛዬ ነው። ቅዳሜ ወደ ማታ በዎልናት ስትሪት ድልድይ ላይ ስንንሸራሸር፣ የእንጨቱ ወለል ከእግራችን ሥር እየተንቋቋ፣ አይስክሬም የያዙ ሕፃናት በመካከላችን እየተሹለከለኩ፣ 181 ሺህ ያህል ሕዝብ ብቻ ያላት ከተማ እንዲህ ያለ መሀል እንዴት ሊኖራት እንደቻለ ጠየቀኝ። እሱ ለሥራ የሚመላለስባቸው የጆርጂያና የአላባማ ከተሞች፣ መጠናቸው ከዚች ብዙም ሳይለይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ጭር ይላሉ።

ያለ ማቅማማት መለስሁለት፤ ማታውኑ ደግሞ ያንኑ መልስ እዚህ ለጠፍሁት። በ1969 የፌዴራሉ መንግሥት ቻታኑጋን በአየር ብክለት ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የከፋች ብሎ ፈረጃት፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሜይ 1 ቀን 1992 በ45 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው የቴነሲ አኳሪየም በቴነሲ ወንዝ ዳር ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። ስለዚህ ከተማዋን ያዳናት አንድ የዓሣ ሙዚየም ነው፤ ሌሎቹ የደቡብ ከተሞች ይህንኑ እንዳያደርጉ የሚከለክላቸው ምንድን ነው? የእኔ ጽሑፍ ይኸው ነበር።

ምላሽ 1 የመጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተማሪነት ወደዚህ ከገቡ አንድ አባት ነው። በብዙ ትሕትና፣ ታሪኩን ከመካከሉ መጀመሬን ነገሩኝ። የከተማውና የካውንቲው የአየር ብክለት ደንብ በዚያው በ1969 ወጥቶ ፋብሪካዎች ማጣሪያ እንዲተክሉ መገደዳቸውን፣ በ1989 ከተማዋ የፌዴራሉን የአየር ጥራት መለኪያዎች በሙሉ ማሟላቷን፣ ይህም አኳሪየሙ ከመከፈቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ መሆኑን አስረዱ። አንድ ደስ የማይል ነገርም አያያዙ፤ ሰማዩ የጠራው በማጣሪያው ብቻ ሳይሆን የብረት ማቅለጫዎቹ አንድ በአንድ ስለተዘጉም ነበርና፣ ጭሱ ሲሄድ ደመወዙም አብሮት ሄዷል። መደብሮቹ ወደ ዳር ዳር ሞሎች ሸሽተው፣ በ1987 ሃሚልተን ፕሌስ የተባለው ሞል ሲከፈት የቀረውም ተከትሎ፣ እሳቸው አውቶቡስ በሚጠብቁበት መንገድ ላይ ከሰው ይልቅ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ይበዛ እንደነበር ጻፉ። በዚያ አሥር ዓመት ከተማዋ ከአሥር ነዋሪዎቿ ከአንድ በላይ አጥታለች።

ምላሽ 2 አኳሪየሙን ከልባቸው ከሚወዱ እናት ነው፤ ልጃቸው ከፔንግዊኖቹ ፊት የተነሣችውን ፎቶ ለጥፈው አመሰገኑኝ። ከዚያ ወዲህ እንደሳቸው ያመሰገነኝ የለም።

ምላሽ 3 በከተማ ፕላን ሙያ ከሚሠሩ ሰው የመጣ ነበር፤ ክሩን መሥመር ያስያዘው እሱ ነው። አኳሪየሙ ከሰማይ እንዳልወረደ፣ በ1982 ስለ ወንዙ ዳር የሚመክር አንድ ግብረ ኃይል መቋቋሙን፣ ከእሱም 22 ማይል የወንዝ ዳርቻ የሚሸፍነው የ1985ቱ ዕቅድ መውጣቱን አተቱ። በ1984 ደግሞ ቻታኑጋ ቬንቸር የተባለው የዜጎች ድርጅት ቪዥን 2000 በሚል ስም ለወራት የዘለቁ ሕዝባዊ ስብሰባዎች ከፍቶ፣ 1,700 ያህል ሰው ተሳትፎበት 40 ግቦች ተነድፈዋል። ጥያቄው ምን ይሠራ የሚል ሳይሆን በ2000 ምን ዓይነት ከተማ ውስጥ መኖር ትፈልጋላችሁ የሚል ስለነበር፣ ከመልሶቹ መካከል ከወንዙ ዳር ግንባታ ጎን ለጎን ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች መጠለያም ነበረበት። የእሳቸው አስተያየት፣ አኳሪየሙን ብቻ አይቶ መቅዳት ዛፉን ትቶ ፍሬውን እንደ መትከል ነው የሚል ነበር። እዚህ ላይ ግማሽ በግማሽ ተሸነፍሁ፤ ፍሬም ቢሆን ዘር አለውና ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ምላሽ 4 ትሕትናውን ሁሉ ጨረሰው። ስብሰባ ሕንፃ እንደማይሠራ፣ እኛ ሐበሾች ስብሰባ አጥተን እንደማናውቅ፣ ሆኖም በስብሰባ የተነሣ ከተማ ገና እንዳላዩ በምሬት ጻፉ። ክርክራቸው ቀላል ነው። በ1899 ሁለት የቻታኑጋ ጠበቆች ኮካ ኮላን በጠርሙስ የመሙላቱን መብት በአንድ ዶላር ገዙ፤ ከዚያ ንግድ የበለጸጉት ቤተሰቦች ያፈሩት ሀብት ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ በሊንድኸርስት የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽንና በወራሹ በጃክ ለፕተን አማካይነት ወደ ወንዙ ዳር ፈሰሰ፤ አኳሪየሙ የግብር ከፋይ ገንዘብ ሳይነካ የተሠራውም በዚህ ነው። ስለዚህ ሌላው ከተማ መጀመሪያ የኮካ ኮላ ባለጸጋ ይፈልግ፣ ስብሰባው ከዚያ ይደርሳል የሚል ነው። አነጋገራቸው ሻካራ ቢሆንም ቁጥሩ ከእሳቸው ጋር ነበር።

ምላሽ 5 የሒሳብ ባለሙያ ናቸው፤ ለ4ኛው መላሽ ግማሹን ፈቅደው ግማሹን ነሡ። ባለጸጋ ቤተሰብ ያላቸው የደቡብ ከተሞች ብዙ መሆናቸውን፣ አብዛኞቹ ግን ገንዘባቸውን በሙዚየም ግድግዳ ላይ ስማቸውን ለማስቀረጽ እንደሚያውሉት ካስታወሱ በኋላ፣ ሁለት ማስረጃ አቀረቡ። አንደኛው በ2005 የተጠናቀቀው የ120 ሚሊዮን ዶላር የወንዝ ዳር ሥራ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ከለጋሾች ሲመጣ፣ የሕዝቡ ድርሻ በአመዛኙ ከሆቴል እንግዶች በሚሰበሰበው ግብር ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ ማለትም ለመንሸራሸሪያው ከነዋሪው ይልቅ እንግዳው ከፈለ። በዚያው ሥራ ወንዙንና ከተማውን ሲለያይ የነበረው ፈጣን መንገድ ጠብቦ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ሆነ። ሁለተኛው ማስረጃ እኔና ጓደኛዬ የቆምንበት ድልድይ ነው። በ1891 የተከፈተው ድልድይ በ1978 አያስተማምንም ተብሎ ለመኪና ተዘጋ፤ ማፍረሻ ገንዘብ ተይዞለት ነበር፤ ነዋሪዎች ተሟግተው ያንኑ ገንዘብ ወደ ጥገና አዞሩትና በ1993 ለእግረኛ ተከፈተ። 2,376 ጫማ ይረዝማል። ለማፍረስ የተመደበ ገንዘብ ለማቆም መዋሉ ከመላው ክር ይበልጥ የገረመኝ ነገር ነው።

ምላሽ 6 የእኔ ነበር። አኳሪየሙ ብቻውን አደረገው ማለቴን አንሥቻለሁ ብዬ ጻፍሁ፤ ድልድዩንም ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ፣ እስከ ፍሬዘር ጎዳና ሱቆችና በ1999 እስከ ተከፈተው ኩሊጅ ፓርክ ድረስ አሞገስሁት። ምናለ ውዳሴውን ባሳጠርሁት።

ምላሽ 7 የጻፉት ሰው ለስድብ አንድ ቃል እንኳ አላዋሉም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያወደስሁት ድልድይ በማርች 19 ቀን 1906 ኤድ ጆንሰን የተባለ ጥቁር ወጣት በመንጋ የተሰቀለበት መሆኑን፣ ከእሱም በፊት በ1893 አልፍሬድ ብላውንት እዚያው መገደሉን ነገሩኝ። የጆንሰንን ጉዳይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊያየው ተቀብሎ የሞት ቅጣቱን ባስቆመ ጊዜ፣ መንጋው ከእስር ቤት አውጥቶ ገደለው፤ በዚህም ፍርድ ቤቱ የካውንቲውን ሸሪፍ ጆሴፍ ሺፕን በችሎት መድፈር ከስሶ በ1909 ጥፋተኛ አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታሪኩ ራሱ ያካሄደው የወንጀል ችሎት ይህ ብቻ ነው። በ2021 በድልድዩ ደቡባዊ ጫፍ ለጆንሰንና ለጠበቆቹ ለኖዋ ፓርደንና ለስታይልስ ሃቺንስ መታሰቢያ ቆሟል። እኔ በዚያ ቅዳሜ ጓደኛዬን በሐውልቶቹ አጠገብ አሳልፌው ነበር፤ ስለ አይስክሬሙ እያወራሁ።

ምላሽ 8 ይህ ከርዕሱ መውጣት ነው፣ የኪራይና የግንባታ ነገር ይሻለናል የሚል አጭር ተቃውሞ ነበር። ምላሽ 9 ግን ጉዳዩ ርዕሱ ራሱ መሆኑን በረጅሙ አስረዱ፤ ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ይመስለኛል። መሀል ከተማው እንዴት ተነሣ ከማለት በፊት እንዴት ወደቀ ማለት እንደሚገባ፣ ከወደቀበት ምክንያት አንዱም ማሻሻያ የተባለው ራሱ እንደነበር ዘረዘሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በምዕራቡ ሰፈር በከተማ ማደስ ስም ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ የካሜሮን ኮረብታ አናቱ ተቆርጦ አፈሩ ለፈጣኑ መንገድ ሙሊት ዋለ። በ1894 የብሉዝ ዘፋኟ ቤሲ ስሚዝ በተወለደችባት በዚች ከተማ የጥቁሮች ንግድና ሙዚቃ ማዕከል የነበረው 9ኛው ጎዳና፣ ቢግ ናይን የሚሉት፣ ደንበኞቹ ሲበተኑበት እየከሳ ሄደ፤ ዛሬ በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም ይጠራል። በዚያ ላይ ቪዥን 2000 ሲካሄድ ከተማዋን የሚያስተዳድሩት ኮሚሽነሮች በመላው ከተማ ድምፅ የሚመረጡ ስለነበሩ የጥቁሮቹ ሰፈሮች ድምፅ ይዋጥ ነበር፤ በ1989 የፌዴራል ዳኛ ይህን አሠራር ሕገ ወጥ ካለው በኋላ ነው በ1990 ዘጠኝ ወረዳዎች ያሉት ምክር ቤት የተመሠረተው። 3ኛው መላሽ የ1,700ውን ሰው ስብሰባ ሲያነሡ ይህን እንዳይዘሉት አደራ አሉ። 3ኛውም ተመልሰው በጨዋነት ተቀበሉ።

በዚሁ በ9ኛው ምላሽ ውስጥ ያለች አንዲት ምስል ከአእምሮዬ አልወጣችም። ከአኳሪየሙ በታች፣ በሮስ ላንዲንግ፣ ዘ ፓሴጅ የተባለ በደረጃ ላይ ውኃ የሚፈስበት መተላለፊያ አለ። በ1838 ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቼሮኪ ሕዝብ ከዚህ ዳርቻ በግድ የተጓዘበትን መከራ የሚያስታውስ ነው፤ ውኃው እንባ ነው። በበጋ ቀን ሕፃናት ጫማቸውን አውልቀው ይራጩበታል፤ ወላጆች ከጠርዙ ተቀምጠው ፎጣ ይይዛሉ። መላሹ ይህን በቁጣ አልጻፉትም፤ እንዲያውም የራሳቸውን ልጅ አስገብተው እንደሚያውቁ ተናዘዙ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ፓርኪንግ ወረደ፤ የሐበሻ ክር መቼም አንድ ጊዜ ፓርኪንግ ሳይነካ አያልፍም። ምላሽ 10 ሥራውን የሚያውቁ አሽከርካሪ ነበሩና ጠቃሚ ነገር አመጡ፤ በ1992 የጀመረው ነፃው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ በመሀል ከተማው ሁለት ጫፍ የተሠሩትን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች ያገናኝ ነበር፤ መኪናህን ጫፍ ላይ ታቆማለህ፣ የከፈልኸው አውቶቡሱን ያንቀሳቅሳል፣ መሀሉ ከመኪና ይተርፋል። አውቶቡሶቹም እዚሁ ከተማ ተገጣጥመው ነበር። ምላሽ 11 ግን ይህን ሁሉ ትተው፣ ለክርስትና ድግስ ሄደው መኪናቸው ላይ የተለጠፈውን የቅጣት ወረቀት አስፈላጊ ባልሆነ ዝርዝር ተረኩ፤ ኬኩ በእጃቸው ነበር፣ ክሬሙም ይቀልጥ ነበር። ምላሽ 12 ማሽኑ በስልክ እንደሚከፈል ማንበብ ማንንም እንዳልጎዳ መለሱላቸው፤ አያይዘውም ከተማዋን ያስነሣት የመብራት ድርጅቱ በ2010 የዘረጋው የአንድ ጊጋቢት ኢንተርኔት ነው አሉ። ኢንተርኔቱ ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ድልድዩ ከተከፈተ 17 ዓመት በኋላ የመጣ ነገር ድልድዩን ሊያስከፍተው አይችልም።

ምላሽ 13 ፒያሳን አመጡ፤ በ2024 የፈረሰችውን ፒያሳ። ስለ ቢግ ናይን ያነበቡት እሷን አስታውሷቸው፣ ሰፈር ሲፈርስ ዕድርና ማኅበርም አብረው እንደሚፈርሱ ጻፉ። ምላሽ 14 ይህን ለፖለቲካ መግቢያ በር አድርገው ቆጠሩትና በቁጣ ዘጉት፤ በአንድ አሜሪካዊ ከተማ ኪራይ ላይ እየተነጋገርን ወደ አገር ቤት ጠብ መሮጥ ልማድ ሆኖብናል የሚል ነበር። ቁጣው የበዛ መሰለኝ፤ የዕድሩ ነገር ከ9ኛው ምላሽ ጋር በትክክል ይገጥማል። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ አልጻፉም።

ምላሽ 15 ሲመጣ ክሩ አንድ ሳምንት ዝም ብሎ ነበር። ጸሐፊዋ ከከተማ ዳር፣ በሀይዌይ አጠገብ፣ ከልብስ ንጽሕና መስጫና ከጥፍር ቤት መካከል ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት የሚያስተዳድሩ እኅት ናቸው። ወደ መሀል ከተማው መግባት ለሦስት ዓመት ሲያስቡበት ኖረዋል። ያዩት አንድ ቤት የድሮ መጋዘን ነው፤ ጡቡ ያምራል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ግን ምግብ ተበስሎበት አያውቅምና የጭስ መሳቢያ ሁድ የለውም፣ ቅባት ማጥመጃም የለውም። ኪራዩ ደግሞ ትሪፕል ኔት ነው፤ ማለትም ከወር ኪራዩ በተጨማሪ የሕንፃውን የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ተከራዩ ይሸከማል። ሌላም ሥጋት ነበራቸው። ቱሪስቱ ቅዳሜና እሑድ ይመጣል፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚበላው የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ እሱም ከወረርሽኙ ወዲህ ግማሹን ሳምንት ከቤቱ ይሠራል። እንጀራ ደግሞ ቅዳሜን አይጠብቅም፤ ሊጡ በየቀኑ ይቦካል።

ለእኚህ እኅት የመለሱት፣ ማንም ያልጠበቃቸው፣ 4ኛው መላሽ ነበሩ። ምላሽ 16 ላይ ምሬታቸው ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ በወንድም ቃል መከሯቸው። የትሪፕል ኔትን አደጋ በመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ሳይሆን በአምስተኛው ዓመት ግብር እንዲያሰሉት፣ ሰፈሩ ባማረ ቁጥር ካውንቲው ሕንፃውን በበለጠ ዋጋ እንደሚገምተውና ልዩነቱ ባለቤቱ ጋ ሳይቆም በቀጥታ ወደሳቸው እንደሚወርድ አሳዩ፤ ሰፈሩን ያሳመረው ተከራይ ባሳመረው ልክ ይቀጣል። በአንጻሩ ትልልቅ የአፓርታማ ገንቢዎች ለዓመታት የግብር እፎይታ እንደሚያገኙ ጠቁመው፣ ውሉ ላይ የግብር ጭማሪ ጣሪያ እንዲጠይቁ፣ ሁዱንም ባለቤቱ እንዲያስገባ እንዲደራደሩ አሳሰቡ። ከሁሉም በፊት ግን ማክሰኞ ቀን እዚያ ቆመው እግረኛ ይቁጠሩ አሉ።

ምላሽ 17 ከግሪንቪል፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ የተላከ ነው። ግሪንቪል 70 ሺህ ያህል ሕዝብ አላት፤ አኳሪየምም የላትም። በ1938 ከናዚዎች አምልጠው ከቪየና የመጡት ማክስ ሄለር ከ1971 እስከ 1979 ከንቲባ ሳሉ ሜይን ስትሪትን ከአራት መሥመር ወደ ሁለት አጠበቡት፤ በተረፈው ቦታ ዛፍ ተተከለ፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ። ነጋዴዎች መኪና ካላለፈ ደንበኛ የለም ብለው ሠግተው ነበር፤ ዛሬ በዚያ ጥላ ሥር ወንበር ለማግኘት ይጠበቃል። ፀሐፊዋ አንድ ያላሰብሁትን ንጽጽር አመጡ፤ ቻታኑጋ ድልድይ ከመፍረስ አዳነች፣ ግሪንቪል ግን በ2002 ካምፐርዳውን የተባለውን የመኪና ድልድይ አፈረሰች፣ ምክንያቱም ከሥሩ የሪዲ ወንዝ ፏፏቴ ተደብቆ ነበር። በ2004 ፓርኩና ጎባጣው የእግረኛ ድልድይ ተከፈቱ። አንዱ በመጠገን ሌላው በማፍረስ ወደ አንድ ቦታ ደረሱ፤ የጋራቸው መኪናው ከመሀሉ ፈቀቅ ማለቱ ነው። እሳቸውም ግን ስለ ኪራዩ ሲያነሡ ድምፃቸው ከ15ኛዋ መላሽ ብዙም አልተለየም፤ ድሮ ከመሀሉ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ጥቁር ቤተሰቦች ብዙዎቹ ርቀው ሄደዋል።

ምላሽ 18 የምግብ ቤቷ ባለቤት ናቸው። ማክሰኞ ሄደው ነበር። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በደብተር ጭረት እየጫሩ ቆጠሩ። ሁለት ዓምድ ሠርተዋል፤ አንዱ በእግሩ ወደ ሌላ ቦታ ለሚያልፍ፣ ሌላው ከመኪና ማቆሚያው ወጥቶ በቀጥታ ቢሮ ለሚገባ። ሁለተኛው ዓምድ ይበልጥ ነበር። ሆኖም አንድ ቀን ዝናብ ሊሆን ይችላል፣ ስብሰባም ሊኖር ይችላልና በአንድ ማክሰኞ ውል አልፈርምም፣ አልተውምም አሉ። ሐሙስ ምግብ ቤቱን ጥለው መውጣት እንደማይችሉ፣ ከመካከላችን ሰዓት ያለው ሰው እንዲቆጥርላቸው በትሕትና ለመኑ።

ምላሽ 19 የእኔ ነው፤ ሐሙስ ከሥራ እረፍት ስለሆንሁ እኔ እንደምሄድ፣ ዓምዶቹን እንዴት እንደሠመሩ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልኝ ጻፍሁላቸው።